ትናንት የበላሁት ሩዝ

«እህቴ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠዋት ቁርስ በልተሻል አይደል?»

ሐኪሙ ይሄን ሲለኝ ካሜራውን ገና ከጉሮሮዬ አውጥቶ በግራ ጎኔ እንደተኛሁ ነበር፣ አፌ ደንዝዞ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኛል። ራሴን ነቀነቅኩ። አልበላሁም። እሱ ግን ስክሪኑን ወደኔ አዞረና «ይሄ ምንድነው ታዲያ?» አለኝ። ሩዝ ነው። ነጭ፣ ፍሬው በደንብ የሚለይ ሩዝ፣ መሀል መሀሉ ላይ የካሮት ቁርጥራጭ ሁሉ አለው። ያንን ሩዝ አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ቤት ሰደቃ ነበር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ በልቼ ሳህኑን ለልጄ ሰጠሁት፣ ከዛ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመስኩም። አሁን በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሃያ ሰዓት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሐኪሙ አላመነኝም። «ጾመሽ ነይ ተብለሽ ነበር፣ በራስሽ ሕይወት ነው የምትጫወቺው» ብሎ ቀጠሮ ለወጠልኝና ወጣሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ እንባዬ መጣ፣ ውሸታም መባሉ ነው ያመመኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ነርሷ ፎርም ይዛ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የለም አልኳት። ሳላቅማማ ነው የለም ያልኳት፣ እየዋሸሁ እንደሆነ እንኳን አልተሰማኝም፣ ምክንያቱም በኔ ጭንቅላት መድኃኒት ማለት ታምሜ ከፋርማሲ ገዝቼ የምውጠው ነው፣ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጀርባ የደበቅኩት የማቅጠኛ መርፌ መድኃኒት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ይሄንን የምጽፈው ለዛ ነው። ጅማ ውስጥ እንደኔ የደበቁ ሴቶች አሉ፣ ሦስቱን አሁን በስም አውቃቸዋለሁ። ወንዶችም ይኖራሉ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ቤት አለኝ፣ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ ወጥቶ ወጥቶ 94 ኪሎ ገባ። እናቴና ጓደኞቿ «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ይላሉ፣ እኔ ግን ከሱቅ ወደ አጂፕ በእግሬ ስመለስ ጉልበቴ እሳት ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ማንኮራፋቴ ልጆቹን ይቀሰቅሳል። እናቴ ስኳር አለባት፣ አያቴም በስኳር ነው የሞተችው፣ ስለዚህ ፍርሃቱም ነበረኝ። መቀነስ መፈለጌ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ እሱን ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትኖረው። ለእረፍት ስትመጣ ግማሽ ሆናለች። ሌሊቱን ሙሉ አውርተን ሚስጥሩን ነገረችኝና ከሻንጣዋ ውስጥ በፎይልና በበረዶ ከረጢት የተጠቀለሉ ብዙ እስክሪብቶ የሚመስሉ መርፌዎች አወጣች፣ ኦዜምፒክ። አንዱን ራሷ ጀምራዋለች፣ ሌሎቹ አዲስ ናቸው። «መርፌውን ቀይሪ እንጂ ምንም አይልሽም» አለችኝ፣ እኔም መርፌው ከተቀየረ ምን ችግር አለው ብዬ በጀመረችው ተወጋሁ። አሁን ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል። ጫፉ ላይ ያለው መርፌ ቢቀየርም ደም ወደ ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል እስክሪብቶው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እቃው ላይም ተጽፏል፣ ማን ያነባል።

ደግሞ እሷ የምትወስደው 1 ሚሊግራም ነበር፣ ከዛው ጀመርኩ። ይሄ መድኃኒት የሚጀመረው በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ነው፣ አራት ሳምንት በሱ ተቆይቶ ነው ወደ 0.5 የሚወጣው፣ ከዛም ቀስ እያለ። 0.25ቷ ኪሎ ለመቀነስ ሳይሆን ሆድ እንዲለምደው ብቻ ነው የምትሰጠው። እኔ ሆዴን ምንም ሳላለምደው በአንድ ጊዜ አራት እጥፉን ጫንኩበት።

መጀመሪያ ላይ የነበረውን ደስታ ግን መደበቅ አልፈልግም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮህ የነበረው የምግብ ሀሳብ ጸጥ አለ። ቡና ተፈልቶ ጨጨብሳው በቅቤና በማር ርሶ ሲቀርብ እጄ አይሄድም፣ መታገል ሳይሆን በቃ አያምረኝም። በአምስት ወር 81 ኪሎ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን መንገድ ወጣ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሰው «ምን ተጠቀምሽ?» ሲለኝ «ጾምና እርምጃ ነው» እላለሁ፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ሕሊናዬን ብዙም አልከበደኝም።

ከዛ ግሳቱ መጣ። ጠዋት ተነስቼ የማገሳው ትናንት ምሳ የበላሁትን ነው፣ ሽታው ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ነው። ሁለት ጉርሻ በልቼ ሆዴ ሰርግ በልቶ እንደመጣ ይነፋል፣ አምስት ስድስት ቀን መጸዳጃ ቤት አልሄድም፣ ማታ ስተኛ ምግቡ ወደ ጉሮሮዬ ይመለሳል።

ሁሉም ሰው ምን አለኝ? ጨጓራ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ አገር ጣጣ ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል። እኛ ጋ ከደረት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ሐሞቱም ጨጓራ ነው፣ ጣፊያውም ጨጓራ ነው፣ አንዳንዴ ልብ ራሱ ጨጓራ ተብሎ ሰው ቤቱ ተኝቶ ይሞታል። እናቴ ተልባ በጠበጠችልኝ። ጎረቤት አብሽ አመጣችልኝ። ፋርማሲ ያለው ልጅ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ፣ አንዷ ደንበኛዬ ባክቴሪያ ነው ተመርመሪ አለችኝ። ሁሉም በፍቅር ነው፣ ግን ማናቸውም መርፌውን አያውቁም፣ ሳያውቁ ምን ሊሉኝ ይችላሉ? ተልባውን በቀን ሁለቴ ጠጣሁ። ለካ ጨጓራ ስራውን ሲቀንስ ብዙ አሰር ያለውና ቅባት የበዛበት ነገር ነው የበለጠ የሚከብደው፣ ቀጠን ያለና ትንሽ ትንሽ ነው መበላት ያለበት። ለሌላ ሰው ፈውስ የሆነው ነገር እኔ ሆድ ውስጥ ሌላ ሸክም ሆነ።

ከካሜራው በኋላ እንኳን አልነቃሁም፣ ሩዙን አይቼ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም። የነቃሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ አንድ ሐሙስ ሌሊት። ለቅሶ ቤት ጥቂት ቅባት ያለው ወጥ ቀምሼ ነበር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በቀኝ ጎድኔ ስር ቢላ የገባ መሰለኝ፣ ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ይወጣል፣ መቀመጥም መተኛትም አልቻልኩም፣ ያስመልሰኛል ግን አይቀለኝም። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፣ ሐሞት ከረጢቱም ተቆጥቷል፣ ምናልባት ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል ተባልኩ።

እናም ሊነጋጋ ሲል አንድ ወጣት አንስቴዚስት፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ማለት ነው፣ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱም ስለ መድኃኒት ጠየቀኝ፣ አጠያየቁ ግን ከነርሷ ይለያል። «እህቴ፣ ለስኳርም ይሁን ለክብደት፣ ከውጭ የመጣም ቢሆን፣ በሳምንት አንዴ የሚወጉት መርፌ አለ? ብዙ ሰው መድኃኒት አይመስለውም፣ ለዛ ነው የምጠይቅሽ፣ ለማንም አልናገርም» አለኝ። አለቀስኩ። ባለቤቴ እንኳን አያውቅም ነበር፣ እዛው አጠገቤ ቆሞ ነው የሰማው።

ልጁ አልተቆጣኝም። ወረቀት አውጥቶ ጨጓራ ሳለና አስረዳኝ፣ ከዛ በኋላም እኔ ቤት ሆኜ ሌሊት ሌሊት ብዙ አነበብኩ፣ የሁለቱን ድምር ልንገራችሁ።

ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ለጣፊያ (ቆሽት ለሚሏት) ኢንሱሊን አውጪ ይላታል፣ ለአእምሮ ጠግበናል ይለዋል፣ ለጨጓራ ደግሞ ቀስ በይ ይላታል። የተፈጥሮው ሆርሞን ደም ውስጥ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ወዲያው ይፈርሳል። ታሪኩ የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ጆን ኢንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጊላ ሞንስተር ከሚባል የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ይሄንን ሆርሞን የሚመስል ግን ቶሎ የማይፈርስ ነገር ማግኘቱን አሳተመ፣ በ2005 ከዛ የተነሳ የመጀመሪያው የስኳር መርፌ ወጣ። ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ደግሞ ለስኳር የተፈቀደው በ2017 ነው፣ ዌጎቪ በሚል ስም ለክብደት በ2021። ያ ሁለት ደቂቃ የነበረው ትዕዛዝ በሴማግሉታይድ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ይፈጃል፣ ጨርሶ ከሰውነት እስኪጠፋ አምስት ሳምንት ገደማ። ይሄ ጥቅሙ ነው፣ በሳምንት አንዴ መወጋት የሚበቃው ለዚህ ነው። ግን ዛሬ አቆምኩ ማለት ዛሬ ወጣልኝ ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ ይሰራል፣ እሱን አልክድም። በአንድ ትልቅ ጥናት ከ1900 በላይ ሰዎች 68 ሳምንት ተከታትለዋቸው የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 15 ከመቶ ገደማ ቀንሰዋል። በዛው ጥናት ግን መርፌውን ከወሰዱት ከመቶ 44ቱ ማቅለሽለሽ ነበረባቸው፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት 17ቱ። አብዛኛው ማቅለሽለሽ ቀላልና የሚያልፍ ነው፣ ጨጓራም ከጊዜ ጋር በተወሰነ ደረጃ ይለምደዋል። የሐሞት ጠጠር ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከሺህ ሰው 16 በሚወስዱት፣ 7 በማይወስዱት። ሐሞት ከረጢት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ኪሎ ደግሞ በፍጥነት ሲቀንስ ጠጠር ይሰራል፣ እኔ ላይ ሁለቱም ነበሩ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 መስከረም የኦዜምፒክ የመረጃ ወረቀት ላይ አንጀት ስራ ሊያቆም እንደሚችል ሪፖርት መኖሩን አስጨመረ። ሆድ ተነፍቶ፣ እያስመለሰ፣ ሰገራም ፈስም አልወጣ ካለ ተልባ የሚበጠበጥበት ሰዓት አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ የማይለቅ ሕመምም እንደዛው፣ ጣፊያ ሊሆን ይችላል።

ልጁን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀው ግን የትን ነገር ነው። ትን ሲለን የምንተርፈው በሳላችን ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ግን አይስልም፣ አይውጥም፣ ጉሮሮው የሚጠብቅ የለውም። ጨጓራው ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ቀጥታ ሳንባ ይገባል፣ ከነአሲዱ። ኦፕራሲዮን ከመግባትሽ በፊት አትብዪ የሚባለው በዋናነት ለዚህ ነው። ከሌሊት ጀምሮ መጾም የሚለው ሕግ ግን የወጣው በራሱ ፍጥነት ለሚፈጭ ጨጓራ ነው። እኔ ሃያ ሰዓት ጾሜ ሩዙ ፍሬው አልተበላሸም። ያ በካሜራ ያየኝ ሐኪም ትንሽ ማስተኛ ሰጥቶኝ ነበር፣ ያ ሩዝ ያኔ ቢመለስ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሌሊት አለ።

የአሜሪካ አንስቴዚዮሎጂስቶች ማህበር በ2023 ሰኔ ላይ የሳምንቱን መርፌ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሳምንት በፊት አቁሙ አለ፣ በ2024 ጥቅምት ደግሞ ከሌሎች የሐኪም ማህበራት ጋር ሆኖ አሻሻለው፣ ብዙው ሰው ሊቀጥል ይችላል፣ ግን ገና መጠኑን እየጨመረ ያለ፣ ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ፣ የማቅለሽለሽና የሆድ መነፋት ያለበት ሰው ተለይቶ ይታይ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት 24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ ይውሰድ ተባለ። በዛው ዓመት ኅዳር ላይ ማስጠንቀቂያው መድኃኒቱ ወረቀት ላይም ገባ። ይሄ ሁሉ መመሪያ የሚሰራው ግን ሰውየው መርፌውን ከተናገረ ነው። በጾም ያሳበብኩትን እኔን ምን መመሪያ ያገኘኛል?

አንስቴዚስቱ ለቀዶ ሐኪሞቹ ነገራቸው፣ ተመካከሩና በአንቲባዮቲክና በማስታገሻ ሕመሙን አበረዱልኝ፣ ለስድስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ባለቤቴ እስከ ፈረንጅ አራዳ አልተናገረኝም። ከዛ «ለኔ እንኳን?» አለ። ይኸው ብቻ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም ብዙ የለኝም። ሰው «በመርፌ ነው የቀነሰችው» እንዳይል ነበር፣ በራሴ ጥረት ያመጣሁት እንዲመስል ነበር። ደግሞም ዓይን ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ቤት ስገባ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ጉልበቴ ከዳኝ። ከወር በፊት ካልተከፈቱት እስክሪብቶዎች አንዱን ለእናቴ ልወጋት አስቤ ነበር! የስኳር መድኃኒት ነው ከተባለ ለሷም ይሆናል ብዬ። እናቴ ግሊበንክላማይድ ነው የምትወስደው፣ ያ ኪኒን ራሱ ስኳርን የሚያወርድ ነው፣ ከመርፌው ጋር አንድ ላይ ሲሆን ሐኪም መጠኑን ካልቀነሰ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች፣ ያውም ምግብ ባልተመኘችበት ቀን። ያተረፋት ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሙሉ ቀን ስላልሰራ ነው፣ ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት ሲባል ስለሰማሁ ይበላሽ ይሆን ብዬ ተውኩት። በመብራት መጥፋት አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም ነበር።

እቃው ራሱ ምን እንደሆነስ ማን ያውቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ሰኔ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ በተለያዩ አገሮች መገኘቱን አስጠንቅቋል። ከሻንጣ የሚወጣ መርፌ ከየት እንደተገዛ፣ ስንት ፀሐይ እንዳየ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ይሁን ፍሪጅ ውስጥ የነበረ፣ እኛ የምናውቅበት መንገድ የለም። የአክስቴ ልጅ በቅንነት ነው ያመጣችልኝ፣ በሷ አልፈርድም። ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለችና «እኔም እኮ ሆዴ እንደዛ ነው የሚያደርገኝ» አለች። አዲሱን ቲርዜፓታይድ ጀምራለች፣ ሙንጃሮ የሚሉትን፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንም ትወስዳለች። ያኛው መርፌ ሲጀመርና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ኪኒኑን ሊያዳክመው እንደሚችል ማንም አልነገራትም ነበር፣ ጨጓራ ሲዘገይ የሚዋጠውም ኪኒን ይዘገያል።

የኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ብቻ ወሰድኩ፣ እናቴ የስጋ ሾርባ አፍልታ በጨርቅ አጠለለችልኝ፣ ሻይ ጠጣሁ። ጠዋት ያው ወጣት አንስቴዚስት መጣ። የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደነበር ጠየቀኝ፣ ሰባት ሳምንት አልኩት፣ ግሳቱስ አለኝ፣ ጠፍቷል አልኩት። እንደዛም ሆኖ አላመነም፣ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ አድርጎ ጨጓራዬን አየና ወደኔ አዞረልኝ። ያኛው ስክሪን ላይ ሩዝ ነበር፣ እዚህ ላይ ምንም የለም፣ ጠፍጣፋ ጥቁርና ግራጫ ነገር ብቻ። «ባዶ ነው» አለኝ። ስነቃ ጉሮሮዬ ትንሽ ከመቆርቆሩ በቀር ደህና ነበርኩ።

አሁን አራት ወር ሆኖኛል። 88 ኪሎ ነኝ። መርፌው ሲቆም ክብደቱ እንደሚመለስ አንብቤ ነበር፣ ያ ትልቅ ጥናት ላይ የነበሩት ሰዎች ካቆሙ ከዓመት በኋላ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል፣ ግን በራስ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው፣ ያ የምግብ ጩኸትም ተመልሷል። ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ሲጠይቁኝ አሁን እነግራቸዋለሁ፣ መርፌ ነበር፣ በራሴ ነው የጀመርኩት፣ ሐሞቴን አስወጣሁ እላቸዋለሁ። አንዷ ጨርቅ እየለካሁላት ሳለ ጎንበስ ብላ «እኔም አለኝ፣ ኅዳር ላይ ማህፀኔን ኦፕራሲዮን እሆናለሁ» አለችኝ። የሜትሩን ገመድ አስቀምጬ ወንበር ሳብኩላት፣ መጠኑንና የመጨረሻውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ራሴ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ እናቴን የሚያክመው ሐኪም ጋ። ስኳሬ ተለክቶ ዳር ላይ ነኝ ተብያለሁ። እንደገና ልጀምረው እችላለሁ ወይ፣ ከሆነስ ከ0.25 ነው ወይ፣ ያኔ ያየሁት ሩዝ ዳግም እንዳይመጣ ምን ምልክት ልጠብቅ፣ መድኃኒቱን በሕጋዊ መንገድ ከየት አገኛለሁ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ባለቤቴ አብሬሽ ልግባ ብሏል። ይግባ ብያለሁ።